ከኋላ የሚንጠለጠለው መጫኛ

አቡ ነዋፍ «እንግዲያው ሂዳያን ጣሪያው ላይ እንጫናታ!» ሲል ገበታው ዙሪያ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሚስቱ ማዳም አፏን በሶፍት ሸፍና ሳቀች፤ ነዋፍና ጁማና እየተጋፉ ሳቁ፤ ምን እንደተባለ የማይገባው ትንሹ ፋሪስ እንኳ ሰው ሲስቅ አይቶ ጠረጴዛውን በማንኪያ እየደበደበ ተንከተከተ። ሂዳያ የሻይ በራዱን ይዛ ማእድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። ያስቆማት የእነሱ ሳቅ አልነበረም፤ የእነሱን ለምዳዋለች። በጓሮ በር በኩል ቁርሱን ቆሞ የሚበላው ሹፌራቸው መርዋንም ይስቅ ነበር። ያልተዋጠ ዳቦና ፉል ከጥርሱ መሀል እየታየ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ከቀልዱ ባለቤትም አስረዝሞ ሳቀ። መርዋን የእናቷም የአባቷም ልጅ፣ ታላቅ ወንድሟ ነው።

ነገሩ የብስክሌት ነገር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ የሪያድ ሙቀት ሰውን ከቤት የማያስወጣበት ወር ገብቷል፤ ቤተሰቡም በማግስቱ፣ ዓርብ ማለዳ፣ ወደ ጣኢፍ ደጋ ሊወጣ ነው፤ የሚነዳው አቡ ነዋፍ ራሱ ነው፣ መርዋን ቤት ይቀራል። ለሁለቱ ትልልቅ ልጆች እዚያ የሚነዷቸው አዳዲስ ብስክሌቶች ተገዝተዋል። መኪናዋ ረጅም ስቴሽን ዋገን ናት፤ ከፊት ባልና ሚስት፣ ከኋላቸው ሦስቱ ልጆች ከተቀመጡባት ሌላ ወንበር የላትም። ከዚያ ወዲያ ያለው የዕቃ ቦታ ነው። ድሮ ሂዳያ ፋሪስን አቅፋ ከልጆቹ መሀል ትቀመጥ ነበር። ሕፃን ያለ ራሱ ወንበር ከተጫነ ያስቀጣል ተብሎ ለፋሪስ ወንበር ሲገዛለት ግን የእሷ ቦታ ጠፋ። ከእንግዲህ የት ትቀመጥ ብሎ የመከረ ሰው አልነበረም። ማዳም አንድ ቀን የኋላውን በር ከፈተችና «ያላ፣ ግቢ» አለቻት፤ በዚያው ቀረ። ወደ ገበያም ሲሄዱ ወደ ልጆቹ አያት ቤትም ሲሄዱ ከዳይፐሩና ከውሃው ካርቶን ጋር እግሯን አጣጥፋ ትጫናለች። በሩ ከውስጥ መክፈቻ የለውም፤ ሲደርሱ ሰው መጥቶ እስኪከፍትላት ትጠብቃለች። አጭር መንገድ ነው እያለች ራሷን ስታባብል ከርማለች። የጣኢፍ መንገድ ግን ጠዋት የተነሣ ሰው ወደ ማታ የሚደርስበት ነው። ብስክሌቶቹ ከገቡ ሂዳያ አትገባም፤ ሂዳያ ከገባች ብስክሌቶቹ አይገቡም። አቡ ነዋፍ ጣሪያ ላይ የሚታሰር መጫኛ እንግዛ ሲል ማዳም ቀለሙ ይጫራል፣ የግቢው የመኪና ጥላም ዝቅ ያለ ነው ብላ ተቃወመች። ቀልዱ የመጣው ያኔ ነው።

«መርዋን» አለች ማዳም ሳቁ ሲበርድ፣ «ባዲዓ ሰፈር ሂድና ከኋላ የሚንጠለጠለውን መጫኛ እይልን። ብስክሌቶቹን ይዘህ ሂድ። ሂዳያንም ውሰዳት፤ እነሱ ተሰቅለው እሷ ውስጥ ስትሆን እንዴት እንደሚሆን እንይ።»

«ሓድር፣ እሺ ማዳም» አለ መርዋን፤ ጣቶቹን ላሰ።

ሂዳያ ሳህኖቹን አነሣች። የተነከሰ ቲማቲም፣ የሻይ ቅጠል የተተፋበት ዳቦ፣ አቡ ነዋፍ ጥርሱን ጎርጉሮ ማር ውስጥ የሰካው ስንጥር። በየቀኑ የምታነሣው ነው፤ አንድም ቀን ግን አይታው አታውቅም። ዛሬ አየችው። እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች፤ ማሩ የለቀቀ አልመስላት አለ። መርዋን ከውጭ ጥሩምባ ነፋላት።

ብስክሌቶቹ ከኋላ ተጋድመው ስለነበር ከፊት፣ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች። ከሰፈራቸው ከሺፋ ወጥተው ትልቁን መንገድ ያዙ። ሰማዩ የአቧራ መልክ አለው፤ የውሃ ቦቴዎች በቀኝ በግራ ያልፏቸዋል፤ በአስፋልቱ ዳር አንድ ፓኪስታናዊ በትከሻው ምንጣፍ ተሸክሞ ጥላ የሚባል በሌለበት ይሄዳል። መንፉሐን በስተቀኝ ሲያልፉ መርዋን እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ። በዚያ ሰፈር ሐበሻ በፖሊስ ሲታፈስ ጣሪያ ላይ ተደብቆ የዋለበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የፖሊስ መኪና ባየ ቁጥር መሪውን በሁለት እጁ ይጨብጣል። ሂዳያ ይህን ታውቃለች። ስለምታውቅ ብዙ ነገር ስትችለው ኖራለች።

«ጣኢፍ ብርድ ነው አሉ» አለ መርዋን፤ ዝምታው ከብዶት ነው። «እንደ አገራችን ሐይቅ ነው አየሩ። ሹራብ ያዢ።»

ጺሙ ላይ የፉል ፍሬ ደርቋል። ጥረገው ልትለው አሰበችና ተወችው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«ምን አሳቀህ?» አለችው ቆይታ።

«መቼ?»

«ጠዋት።»

«አይ ሂዳያ! ሰውየው ቀልድ ይወዳል። እኔ ባልስቅ ምን ሊል ነው? ለሰዒዳ ቪዛ አወጣላታለሁ ብሎኛል እኮ። ዘንድሮ ሚስቴ አጠገቤ ልትሆን ነው። ለአንዲት ቀልድ ፊቴን ላጥቁርበት?»

«አላልኩም።»

«እና?»

«ትንሽ ልትስቅ ትችል ነበር።»

መርዋን ይህ እንኳን አሳቀው። ራዲዮኑን ከፈተ።

የባዲዓው ሱቅ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥባቸው ደጆች አንዱ ነው፤ ከፊቱ ጎማና የወንበር ልብስ ተደርድሯል፤ ውስጡ በአዲስ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ባለሱቁ አብዱልወሀብ የሚባል የመናዊ ነው፤ ወፍራም፣ ሽበታም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። መርዋንን ሻይ ጋበዘው፤ ሂዳያን አላያትም። መጫኛዎቹን እያወረደ አሳየው። የጣሪያውን ማዳም እንደማትፈልገው ተነግሮት መልሶ ሰቀለው። ሁለተኛው ከመኪናው ሥር በሚበየድ መጎተቻ ብረት ላይ የሚቆም ነው፤ ብስክሌቶቹ እንደተጫኑ ወደ ታች ዘንበል ይላል፣ የኋላው በር እንደ ልብ ይከፈታል። ግን መጎተቻው ራሱ ገና መበየድ አለበት፤ ለነገ አይደርስም፤ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ በቀበቶና በቆልማማ ብረት የኋላው በር ላይ ይታሰራል፣ ብስክሌቶቹ በሩ ላይ ይንጠለጠላሉ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለ አብዱልወሀብ ቀበቶውን እየወጠረ። «ይሄ ከታሰረ፣ ብስክሌቶቹም ከተሰቀሉ፣ ያ በር አይከፈትም። እዚያ የሚገባውን ሁሉ በመሀለኛው ወንበር በኩል ነው የምታስገባው። እዚያ የሚቀመጥ ሰው አለ?»

ሂዳያ አንገቷን ቀና አደረገች። ዐረብኛው በደንብ ይገባታል።

«የለም» አለ መርዋን። «ዕቃ ብቻ ነው።»

ሁለቱ ሰዎች ብስክሌቶቹን አውጥተው መጫኛውን ማሰር ጀመሩ። ሂዳያ ከበሩ ጥላ ሥር ቆማ አየቻቸው። ወንድሟ ሥራ ይችልበታል፤ እጁ ጎበዝ ነው፤ ልጅ ሳሉ አገር ቤት ወረባቦ ላይ የጎረቤት ጣሪያ በነፋስ ሲነሣ የሚጠሩት እሱን ነበር። ያ ጎበዝ እጅ አሁን ቆልማማውን ብረት የበሩ ጠርዝ ውስጥ አስገብቶ ቀበቶውን ይስባል፤ እንዳይላላ እግሩን መኪናው ላይ አስደግፎ ይስባል። ከውስጥ ማን እንደሚሆን እያወቀ። አንዱን ቀበቶ እንኳ ላላ አላደረገም፤ ያን ያህል አሳምሮ አሰረው።

ሲጨርስ ፎቶ አንሥቶ ለማዳም ላከ። የድምፅ መልሷ ወዲያው መጣ፤ መርዋንም ሳያስበው ድምፁን ሳይቀንስ ከፈተው። የማዳም ድምፅ ሱቁን ሞላው፤ «ቆንጆ ነው። ሂዳያን አስገባትና ደግመህ አንሣልኝ። ጭንቅላቷ የኋላውን መስታወት እንዳይሸፍንበት ለአቡ ነዋፍ።»

አብዱልወሀብ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሂዳያን ዞሮ አያት፤ ከዚያ የታሰረውን በር፣ ከዚያ መርዋንን።

«ዕቃ ነው ያልከኝ» አለው።

መርዋን ስልኩን ይነካካል።

«ምንህ ናት?»

«የቤቱ ኸዳማ፣ ሠራተኛቸው ናት» አለ መርዋን፣ ቀና ሳይል።

ባለሱቁ ወደ ውስጥ ገባ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ መጥቶ ለሂዳያ ሰጣትና ወደ ሒሳቡ ማሽን ተመለሰ። ደግ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ መሸጡን ግን አልተወም። ሂዳያ ውሃውን ልትወረውረው ቃጣት፤ ጠምቷት ስለነበር ጠጣችው።

«ግቢ፣ ቶሎ እንጨርስ» አላት መርዋን በአማርኛ።

ለምን እንደገባች በኋላም ለራሷ ማስረዳት አልቻለችም። ምናልባት የባዳ ሰው ደጅ ላይ ከወንድሟ ጋር መጣላት አሳፍሯት ይሆናል። በመሀለኛው በር ገባች፤ ቀሚሷን ሰብስባ፣ የፋሪስን ወንበር ተሻግራ፣ የወንበሩን ጀርባ እንደ አጥር ዘለለችው። ሞተሩ ጠፍቶ ስለቆየ ውስጡ ይጋግራል። ምንጣፉ የረጋ ወተትና የልጅ ትውከት ይሸታል፤ ራሷ ናት ያጠበችው፣ ስንቴ አጥባው አልለቀቀም። ጉልበቷን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ራሷን አቀርቅራ ተቀመጠች። በመስታወቱ ማዶ የብስክሌት ጎማ አለ፤ ከጎማው ሽቦዎች ማዶ ደግሞ መርዋን። ስልኩን አንሥቶ አንድ ዐይኑን ጨፍኗል። በእጁ ዝቅ በይ፣ ዝቅ በይ ይላታል። ዝቅ አለች።

ሲመለሱ ሂዳያ እንደገና ከፊት ተቀመጠች። መኪናው ፀሐይ ላይ በቆሙ ሌሎች መኪኖች መሀል ሲቆም ሲነሣ፣ ከኋላ ብስክሌቶቹ በሩን ቀስ እያሉ ይደበድቡታል።

«እህቴ ናት ማለት አቅቶህ ነው?» አለችው።

መርዋን እንደሚጠብቀው ነገር ሰማት። «ብዬው ምን ሊለኝ ነው? እህቱን ከዕቃ ጋር የሚጭን አይለኝም?»

ሂዳያ ዞራ አየችው። አላወቀም፣ ለምዶት አላስተዋለም፣ ሥራ አዋክቦት ነው እያለች ስታስብለት የዋለችው ሁሉ አፏ ውስጥ መረራት። አሳምሮ ያውቅ ኖሯል። ስሙን አውጥቶ፣ ለሰው ሲነገር እንዴት እንደሚሰማ ገምቶ፣ አፍሮበት ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

«ነገ አልገባም» አለችው።

«አታሳብጂኝ። አንድ ቀን ነው።»

«በሩ አይከፈትም፣ መርዋን። የሆነ ነገር ቢሆን በየት በኩል ነው የምወጣው?»

«ምን ይሆናል? ሰውየው ጥሩ ይነዳል። ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም። ደግሞ ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ በእጁ ነው፤ ከአሠሪ ከከፊል ጋር እልህ ተጋብቶ የተጠቀመ አለ? እኔንም ጣጣ ውስጥ እንዳታስገቢኝ።»

የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ካለፈ በኋላ ደረሱ። ቤተሰቡ መጫኛውን ሊያይ ወደ ግቢ ወጣ። አቡ ነዋፍ በነጭ የቤት ቀሚሱ፣ በሸበጥ፣ መኪናውን ዞሮ አየው፤ ብስክሌቶቹን ወዘወዛቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። «ማሻአላህ መርዋን!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ መርዋንም ፈገግ አለ። ነዋፍ ፎቶ ያነሣል። ማዳም ፋሪስን ይዛ የመስታወቱን ነገር አሰበች፤ በስልክ ያየችው ፎቶ እንዳላረካት ተናገረች።

«ያላ ሂዳያ» አለ አቡ ነዋፍ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ገብቶ መስታወቱን እያስተካከለ፣ «ግቢና ከዚህ ሆኜ ልይሽ።»

ሂዳያ ከማእድ ቤቱ ደረጃ ላይ አልወረደችም። «አልገባም፣ ባባ» አለች።

አቡ ነዋፍ በደንብ ያልሰማ መስሎት ጆሮውን በመስኮቱ አወጣ። ደገመችለት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሌላ የሳቀ ሲያጣ ወደ መርዋን ዞረ። «በቋንቋችሁ ንገራት እስቲ። ምን ሆና ነው?»

ሁሉም መርዋንን ጠበቀ። ሂዳያም ጠበቀች። እዚያ ቆማ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ አሁንም ትንሽ ተስፋ እንደቀራት አወቀች፤ በራሷም ተናደደች።

«ግቢና ይለፍ፣ ሂዳያ» አላት በአማርኛ፣ ድምፁን አለዝቦ። «በአላህ ይሁንብሽ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

አልተንቀሳቀሰችም። ያኔ ጁማና «እኔ እገባለሁ! እኔ እዚያ እሄዳለሁ! ሂዳያ በእኔ ቦታ ትቀመጥ!» ብላ ጮኸች። ነገሩ ጨዋታ መስሏታል። ማንም ሳይዛት በመሀለኛው በር ሾልካ፣ የወንበሩን ጀርባ ዘልላ፣ የዕቃው ቦታ ላይ ተዘረጋች፤ በብስክሌቶቹ ሽቦ መሀል ለነዋፍ ምላሷን እያወጣች ሳቀች። ነዋፍ ስልኩን ወደሷ አዞረ።

«ውጪ!» ማዳም ፋሪስን ነዋፍ ላይ ጥላ ሮጠች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። በእጇ የኋላውን በር ሳበችው፤ አልከፈትም አለ፤ ብስክሌቶቹ ተንኳኩ። ደግማ ሳበችው። «ውጪ ብያለሁ! ዕቃ ነሽ እንዴ? ከኋላ መኪና ቢገጨንስ? እዚያው ድምጥማጥሽ ይጠፋል! በሩ እንኳ አይከፈት፣ በየት ነው የምናወጣሽ?» በመሀለኛው በር ግማሽ ሰውነቷን አስገብታ ልጅቷን በክንዷ ጎትታ አወጣቻት፤ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ጁማና ምን እንዳጠፋች ሳይገባት አለቀሰች።

የአየር ማቀዝቀዣው ከግድግዳው ላይ ያጉረመርማል። ማዳም የተናገረችውን ሁሉም ሰምቶታል፤ ራሷም ዘግይታ ሰማችው መሰል፣ ወደ ደረጃው ላለማየት የልጅቷን ፀጉር ማስተካከል ያዘች። አቡ ነዋፍ ከመኪናው ወርዶ ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሸበጡን አቧራ አየ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም «እሷስ?» ያለ አልነበረም።

መርዋን ከብስክሌቶቹ አጠገብ ቆሞ ነበር። ፊቱ ተለዋውጧል። ወደ ታች አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀበቶዎቹን መፍታት ጀመረ።

«ምን ታደርጋለህ?» አለው አቡ ነዋፍ።

«ልመልሰው፣ ባባ።»

«ማን መልስ አለህ?»

መርዋን መፍታቱን አላቆመም። አቡ ነዋፍ ሊጮህ አፉን ከፈተና ሚስቱን አይቶ ተወው፤ እጁን አወናጭፎ ወደ ቤት ገባ።

ማታ ላይ ማዳም ወደ ማእድ ቤት መጣች። ፍሪጁን ከፈተች፣ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው። ሂዳያን ሳታይ ተናገረች፤ ብስክሌቶቹ ከኋላ ይገባሉ፤ ሂዳያ ትቀራለች፤ ፋሪስም መንገድ ስለማይችል ከእሷ ጋር ይቀራል፤ ወተቱ እንዳይቋረጥበት። ሂዳያ «እሺ» አለች። ሴትየዋ ከወጣች በኋላ ድስቱን እያሸች አሰበችው። ሕፃኑ ሲቀር የእሱ ወንበር ባዶ ሆኗል። አንድ ሙሉ ወንበር። ይህ ከዚያ ሁሉ ሰው ለአንዱም አልታየውም፤ ወይም ለማዳም ታይቷት፣ ሂዳያን እዚያ ከማስቀመጥ ልጇን ጥላ መሄዱ ቀሏታል። ከድስቱ የሚወጣው ቅባት ጣቶቿ መሀል ገብቶ ያሙለጨልጫል። ውሃውን ደፋችው።

መርዋን በጓሮው በር መጣ። ታጥቧል፤ ልብሱን ቀይሯል። ተቀመጥ አለመባሉ ቅር እንዳላለው ሰው በሩ ላይ ተደገፈ።

«ሱቁ ተቀበለኝ» አለ። «መልሼ ሰጠሁት።»

«ደግ።»

«ሰውየው ተቆጥቶኛል። የሰዒዳንም ነገር ምን እንደሚያደርገው እንጃ።» ጠበቃት። አመሰግናለሁ እንድትለው እንደሚፈልግ ከአቋቋሙ ታየ። «ግን ፈታሁት። አየሽ አይደል?»

«አየሁ።»

«ታዲያ አታኩርፊኛ።»

ሂዳያ እጇን በጨርቁ አደረቀች፤ ጣት በጣት። «መኪና ውስጥ ነገርኩህ» አለችው። «በሩ አይከፈትም አልኩህ። ማዳም ያለችውን ነው የነገርኩህ፤ አንዲት ቃል አልጨመረችበትም። እኔ ስለው ምንም አይሆንም አልክ። እሷ ስለ ልጇ ስትለው ሰማህ።»

መርዋን ከተደገፈበት በር ቀና አለ።

«ከጣኢፍ ሲመለሱ ዝውውር እጠይቃለሁ» አለች። «ሌላ ቤት እገባለሁ።»

«አብደሽ ነው? ሌላው ቤት ከዚህ የባሰ ቢሆንስ? እዚህ እኔ አለሁልሽ።»

«እሱ ነው ያቃተኝ» አለችው። «የእነሱን እችለው ነበር። አንተ ቆመህ እያየኸኝ አልችልም።»

በሳሎኑ በኩል ፋሪስ አለቀሰ። ሂዳያ የማእድ ቤቱን መብራት አጥፍታ ወደ ልጁ ሄደች፤ የመርዋን የሸበጥ ድምፅ ከጨለማው በር ወደ ክፍሉ ራቀ።